ጦም ለሚያድር መሬት የሚከፈል ኪራይ

በአሜሪካ አገር፥ በኦክላሆማ ስቴት ምዕራባዊ ጥግ፥ ሲማሮን በሚባል ወረዳ የተነሣ አንድ ፎቶግራፍ አለ። አንድ ገበሬ ሁለት ወንዶች ልጆቹን አስከትሎ፥ ከነፋሱ ጋር እየታገለ፥ ጎንበስ ብሎ ወደ አንዲት ዝቅተኛ ጎጆ ይራመዳል። ጎጆዪቱን አሸዋ ሊውጣት ምንም አልቀረው፤ የአጥሩም ችካሎች ጫፋቸው ብቻ ይታያል። ትንሹ ልጅ ወደ ኋላ ቀርቶ በክንዱ ዓይኑን ከልሏል። ሰማዩና ምድሩ አንድ ቀለም ስለያዙ የቱ ላይ እንደሚለያዩ አይታወቅም። ፎቶግራፉን ያነሣው አርተር ሮትስታይን የሚባል ገና ሃያ ዓመት የሞላው ወጣት ሲሆን፥ ጊዜውም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ 1936 በኤፕሪል ወር ነበር። (ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ሮትስታይን የጋዜጣ ሰው አልነበረም፤ የገበሬውን ኑሮ በፎቶግራፍ እንዲመዘግብ በደመወዝ የተላከ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። ከመንግሥት መዝገብ ቤት ወጥቶ ዓለምን የዞረ ፎቶግራፍ ብዙ አይገኝም፤ ይህ ግን አንዱ ነው።

ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያ አካባቢ የሚኖር ገበሬ፥ ነፋስ በቀላሉ የሚወስደውን መሬቱን ማረስ ትቶ ሣር ቢያበቅልበትና ጦም ቢያሳድረው፥ ከመንግሥት ጋር በተዋዋለው መሠረት በየዓመቱ ኪራይ ይቀበላል። ነገሩን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ሰው «ላለመሥራት ይከፈላል ወይ?» ብሎ መሳቁ አይቀርም። አሜሪካኖቹም ራሳቸው ሲስቁበት ኖረዋል። ነገር ግን የሣሩ ኪራይ እንዴት እንደ ተጀመረ፥ ገንዘቡም በማን እጅ አልፎ ገበሬው ዘንድ እንደሚደርስ የተመለከተ ሰው፥ ሳቁን ቶሎ ይሰበስባል።

የጥፋቱ መነሻ ማረሻ ነው። ያ አገር ቀድሞ የሣር ሜዳ ነበር። ዝናቡ በመካከለኛ ግምት በዓመት 500 ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ ነፋሱ ግን አያርፍም። አፈሩን ጨብጦ ያኖረው የሣሩ ሥር ብቻ ነበር። መንግሥት በ 1862 ባወጣው ሕግ፥ አምስት ዓመት ተቀምጦ ላለማ ሰው ሁሉ 160 ኤክር መሬት በነፃ ሰጠ፤ ይህም በእኛ ልክ ከአንድ ጋሻ ተኩል ጥቂት የሚበልጥ ነው። ደረቁ አገር በዚህ መጠን ቤተ ሰብ እንደማያኖር በታወቀ ጊዜ፥ በ 1909 ወደ 320 ኤክር ከፍ ተደረገ። ቀጥሎም የአንደኛው የዓለም ጦርነት መጣ። 27 ኪሎ ገደማ የሚመዝነው አንድ ቡሽል ስንዴ ከ 2 ዶላር በላይ ያወጣ ጀመር። ትራክተር ገባ፤ ሣሩ ተገለበጠ፤ ባቡር ስንዴ ጭኖ ወጣ። ያን ጊዜ ያረሰ ሰው ሞኝ አልነበረም፤ መንግሥትም ነጋዴም ባንክም «እረስ» ብለውታል። በ 1932 ዋጋው ከ 40 ሳንቲም በታች ሲወርድ ግን ገበሬው ዕዳውን ለመክፈል ይበልጥ አረሰ። ወዲያው ዝናቡ ቀረ። ያልበቀለበት፥ ሣርም የሌለበት የታረሰ መሬት ለነፋስ ተጋልጦ ቀረ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብዙ ሰው ሰምቶታል። በሜይ ወር 1934 ከሜዳው የተነሣው አቧራ ከሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ኒውዮርክንና ዋሽንግተንን አጨለመ፤ በአትላንቲክ ባሕር ላይ የነበሩ መርከቦችም አቧራ ወረደባቸው። በ 1935 ኤፕሪል 14 ቀን የመጣው ማዕበል ደግሞ ቀኑን ሌሊት ስላደረገው፥ የአገሩ ሰው እስከ ዛሬ «ጥቁሩ እሑድ» ይለዋል። የሲማሮን ዋና ከተማ ቦይዝ ሲቲ ከማዕበሉ መካከል ነበረች።

በዚያ ጊዜ በዋሽንግተን ሂው ሃሞንድ ቤኔት የሚባል የአፈር ባለሙያ ነበር። በኖርዝ ካሮላይና በጥጥ እርሻ ያደገ፥ ብዙ ዓመት በየወረዳው እየዞረ አፈር ሲመረምር የኖረ ሰው ነው። አፈር በየዓመቱ እየታጠበና እየተወሰደ አገሪቱ እየደኸየች መሆኗን ሲናገር ሰሚ አጥቶ ቆይቶ፥ በ 1933 አንድ ትንሽ ጊዜያዊ መሥሪያ ቤት ተሰጠው። በ 1935 መሥሪያ ቤቱ ቋሚ እንዲሆን በሴኔት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ሲያስረዳ፥ ከምዕራብ የአቧራ ማዕበል እየመጣ መሆኑን አስቀድሞ ስላወቀ፥ ንግግሩን ሆን ብሎ አስረዝሞ፥ ሰማዩ ሲጨልም «ጌቶቼ፥ የምነግራችሁ ይኸው መጣ» ለማለት እንደበቃ ይተረክለታል። ትረካው እየተደጋገመ ሳይሰፋ አልቀረም። ሕጉ ግን ተቃዋሚ ሳይነሣበት አልፎ፥ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በኤፕሪል 27 ቀን 1935 ፈረሙበት፤ የአፈር ጥበቃ መሥሪያ ቤትም በእርሻ ሚኒስቴር ሥር ተቋቋመ።

የገንዘቡ ታሪክ ግን በሌላ በር ነው የገባው። በ 1933 የወጣው የእርሻ ሕግ ስንዴና ጥጥ የሚያመርተውን ሰው «አሳንሰህ ዝራ፥ እንከፍልሃለን» ይል ነበር፤ ዓላማውም ዋጋ ከፍ እንዲል ነው እንጂ ለአፈሩ ታስቦ አልነበረም። በ 1934 ድርቁ ሲጠና መንግሥት ከገበሬው ከብት ገዛ፤ ለአንድ ራስ ከ 14 እስከ 20 ዶላር ከፈለ፤ ለመታረድ ያልበቁትን ከሲታዎች በጥይት እየመቱ ቀበሯቸው። ገበሬው ገንዘቡን ተቀብሎ የከብቶቹን መቀበር ቆሞ አየ። በጃንዋሪ 1936 ከፍተኛው ፍርድ ቤት የ 1933ቱን ሕግ ከሕገ መንግሥቱ ውጭ ነው ብሎ ሻረው። የሚኒስቴሩ ሰዎች ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ ሌላ ሕግ አስረቀቁ፦ አዝመራ እንዲቀንስ መክፈል ካልተቻለ፥ አፈር የሚያደክመውን ዘር ትቶ አፈር የሚያጠነክረውን ሣርና ባቄላ መሰል ተክል ለሚዘራ ይከፈል የሚል ነበር። በፌብሩዋሪ 29 ቀን 1936 ተፈረመ። እንግዲህ ለአፈር ጥበቃ መክፈል የሚባለው ነገር፥ ግማሹ ከቤኔት አቧራ፥ ግማሹም ከሕግ አዋቂዎች ብልሃት የተወለደ ነው። ለቢሮ ሰው ይህ የሚያሳፍር ታሪክ አይደለም።

በዚሁ ዘመን የተሠራው ሥራ ለዓይን የሚታይ ነበር። ወጣቶች በመንግሥት ደመወዝ እርከን ሠሩ፤ ገበሬው ቁልቁል ማረሱን ትቶ የተዳፋቱን ወገብ ተከትሎ አግድም ማረስን ተማረ። ከካናዳ ወሰን እስከ ቴክሳስ ድረስ ነፋስ የሚያበርድ የዛፍ ረድፍ ተተከለ፤ የመጀመሪያዋ ዛፍ በ 1935 በዚያው በኦክላሆማ ስትተከል፥ ሥራው በ 1942 እስኪያበቃ 220 ሚሊዮን ያህል ዛፍ ቆሟል። ፈጽሞ የተበላሸውን መሬት ደግሞ መንግሥት ከባለቤቶቹ ገዝቶ ሣር መለሰበት።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የአሠራሩ ነገር ይመስለናል። ቤኔት ከዋሽንግተን ሹም ልኮ በሰው መሬት ላይ እርከን ማስቆፈር እንደማይዘልቅ ያውቅ ነበር። በ 1937 ሩዝቬልት ለየስቴቱ ገዢ አንድ የናሙና ሕግ ላኩ፤ በዚያም መሠረት የየአካባቢው ገበሬዎች ተስማምተው የራሳቸውን የአፈር ጥበቃ ማኅበረ ወረዳ ያቋቁማሉ፤ መሪዎቹንም ከመካከላቸው ይመርጣሉ። የመጀመሪያው በዚያው ዓመት የተቋቋመው ብራውን ክሪክ ሲሆን፥ የቤኔት የትውልድ አገር በክልሉ ውስጥ ነበር። ዛሬ እንዲህ ያሉት ማኅበሮች ወደ 3 ሺህ ይጠጋሉ። ባለሙያው የመንግሥት ነው፤ ነገር ግን ባለ መሬቱ «ግባ» ሳይለው አጥር አይሻገርም።

አሁን አንድ ገበሬ እናስብ። መሬቱ ተዳፋት ነው፤ ከብቶቹ ከወንዙ ስለሚጠጡ ዳርቻውን እየናዱት ነው። ወደ ወረዳው የእርሻ ቢሮ ይሄዳል። በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት መሥሪያ ቤት ያገኛል፤ አንደኛው መዝገቡን፥ ብድሩንና ክፍያውን የሚይዝ ነው፤ ሁለተኛው በ 1994 ስሙ የተለወጠው የቤኔት መሥሪያ ቤት ነው። በመጀመሪያው ቢሮ ለእርሻው ቁጥር ይሰጠዋል። በሁለተኛው ያለው ባለሙያ ቦቲ ጫማውን አጥልቆ ከገበሬው ጋር መሬቱን ይዞራል፤ የት አጥር እንደሚያስፈልግ፥ ውኃ በቧንቧ ወዴት እንደሚሳብ፥ የት ሣር እንደሚዘራ በካርታ ላይ ያሰፍራል። ማመልከቻው ከሌሎች ጋር ተወዳድሮ ነጥብ ይሰጠዋል፤ ገንዘቡ ለሁሉ ስለማይበቃ ብዙ ነጥብ ያገኘው ይቀድማል። ዕድል ከቀናው ውል ይፈርማል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነገር አለ። ውሉ ሳይፈረም አንድ ችካል የተከለ ሰው ለዚያ ሥራ አይከፈለውም። ሥራውን ከጨረሰም በኋላ ባለሙያው መጥቶ ለክቶና አይቶ ካላጸደቀ ገንዘብ የለም። መንግሥት የሚሸፍነው አብዛኛውን ጊዜ ከወጪው እስከ 75 በመቶ ድረስ ነው፤ ለጀማሪና ለድኻ ገበሬ እስከ 90 በመቶ ይደርሳል። ነገር ግን የሚከፈለው ከሥራው በኋላ ስለሆነ፥ በእጁ ጥሬ ገንዘብ የሌለው ሰው በሩ ተከፍቶለት ሳለ መግባት ያቅተዋል። ይህ ስለታየ ነው ለጀማሪውና ለድኻው ግማሹ በቅድሚያ እንዲሰጥ የተደነገገው። በወረቀት ላይ ትንሽ አንቀጽ ናት፤ ለአንዳንዱ ቤት ግን የነገሩ ሁሉ መፍቻ ናት።

የሣር ኪራይ የምንለው ከዚህ የተለየ ነው። የተቋቋመው በ 1985 ሕግ ሲሆን፥ ውሉ ከ 10 እስከ 15 ዓመት ይዘልቃል። ኪራዩ የሚወሰነው በየወረዳው ለእርሻ መሬት በሚከፈለው ዋጋ ነው፤ በ 2018 ሕግ መሠረት በጠቅላላው ምዝገባ ከዚያ ዋጋ 85 በመቶ እንዳያልፍ ተደርጓል፤ መንግሥት ከጎረቤት ገበሬ ጋር በኪራይ እንዳይሻማ ነው። ለአንድ ሰውም በዓመት ከ 50 ሺህ ዶላር በላይ አይከፈልም። የ 1985ቱ ሕግ ሌላም ክንድ ነበረው፦ በቀላሉ የሚሸረሸር መሬት ያለ ጥበቃ ያረሰ ሰው፥ ሌላውን የመንግሥት ድጎማ ሁሉ እንዲያጣ አደረገ። በአንድ እጅ ይሰጣል፥ በሌላው ይይዛል። ከ 1982 እስከ 2017 ባለው ጊዜ በአሜሪካ የእርሻ መሬት ላይ የሚሸረሸረው አፈር ከሲሶ በላይ ቀንሷል፤ ሁሉ በገንዘቡ ብቻ የመጣ ባይሆንም፥ ሣሩና ጥበቃ የሌለው እርሻ መከልከሉ ድርሻ አላቸው።

ሆኖም የሣሩ ኪራይ የማይጥመው ሰው በከተማው አለ። ዘር የሚሸጠው፥ ነዳጅ የሚቀዳው፥ የትራክተር መለዋወጫ የሚነግደው ሰው፥ መሬቱ ጦም ባደረ ቁጥር ገበያው ይቀዘቅዝበታል። አንዳንዱ ባለ መሬትም ኪራዩን ይዞ ሌላ ከተማ ይቀመጣል። ሕጉ ይህን አስቦ፥ በአንድ ወረዳ ውስጥ ከሚታረሰው መሬት ከሩብ በላይ እንዳይገባ በመደበኛነት ወስኗል። ሲማሮን በ 1930 ከ 5 ሺህ 400 የሚበልጥ ሰው ነበራት፤ በ 2020 ቆጠራ 2 ሺህ 300 ገደማ ብቻ ተገኝቷል። ሰውን ያፈለሰው ሣሩ ነው ብንል እንዋሻለን፤ አቧራው፥ ትላልቁ መኪናና የከተማው ኑሮ ቀድመውታል። ባዶ ሱቅ ለሚያይ ነጋዴ ግን ይህ መልስ አይሆነውም።

ሁለተኛው ጭንቅ ውሉ ሲያልቅ ነው። በ 2007 በሣር ኪራይ ሥር የነበረው መሬት በመላው አገሪቱ ወደ 37 ሚሊዮን ኤክር ይጠጋ ነበር። በዚያው ወራት የበቆሎና የስንዴ ዋጋ ወጣ፤ በቆሎ ለመኪና ነዳጅም ተፈለገ። ገበሬው ውሉ ሲያልቅለት ሣሩን ገልብጦ ዘራ፤ በ 2015 የቀረው 24 ሚሊዮን ያህል ነበር። ሃያ ዓመት ተከፍሎበት የበቀለ ሣር በአንድ ሳምንት ሊገለበጥ ይችላል። ገበሬውን መውቀስ ይከብዳል፤ በ 1919 አያቱ ያደረገውን ነው ያደረገው። ግን ልዩነት አለ። በ 2011 እና በ 2012 በዚያ አገር ብርቱ ድርቅ ሲደርስ አቧራ ተነሥቷል፤ የሠላሳዎቹ ዓመታት ጥፋት ግን አልተመለሰም። ገለባውን ሳይገለብጡ መዝራት በመለመዱና የቀረው ሣር አፈሩን በመያዙ ነው ይላሉ ባለሙያዎቹ። በ 2012 ከብት መኖ ሲያጣም፥ መንግሥት በሣር ኪራይ ሥር ያለው መሬት እንዲታጨድና እንዲጋጥ ፈቀደ። ጦም ያደረው መሬት በክፉ ቀን ጎተራ ሆነ።

እስካሁን የተናገርነው ገንዘቡ በደኅና እጅ ሲያልፍ ነው። ክፉኛም አልፏል። ክፍያውን በየወረዳው የሚቆጣጠሩት ገበሬዎች ከመካከላቸው የሚመርጧቸው ኮሚቴዎች ናቸው፤ ቀድሞ ብድሩም በኮሚቴ እጅ ነበር። ይህ ለጆሮ ደስ ይላል፤ ቤኔትም ደስ የሚለው ነገር ነው። ነገር ግን በደቡብ ስቴቶች ጥቁር ገበሬ ለብዙ ዘመን ከነዚህ ኮሚቴዎች ተገፍቶ ኖረ። ለዘር መግዣ ብድር የጠየቀ ጥቁር ገበሬ ቅጹ ይጠፋበታል፤ ወይም «ሰኞ ተመለስ» ይባላል፤ ወይም ብድሩ ይፈቀድለትና የዘር ወቅት ካለፈ በኋላ ይደርሰዋል። የዘገየ ብድር ደግሞ ከተከለከለ ብድር ይከፋል፤ ዕዳው ይቀመጣል፥ አዝመራው የለም። የአቤቱታ መርማሪው ክፍል በ 1980ዎቹ መጀመሪያ ስለተበተነ አቤቱታው በየመሳቢያው ተከማቸ። በ 1920 ከ 9 መቶ ሺህ በላይ የነበሩት ጥቁር ገበሬዎች በ 1990ዎቹ ከ 20 ሺህ በታች ሆነው ተቆጠሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ጠረጴዛው አንዱ ነበር።

በ 1997 ቲሞቲ ፒግፎርድ የተባለ የኖርዝ ካሮላይና ገበሬ ከሌሎች ጋር ሆኖ የእርሻ ሚኒስትሩን ዳን ግሊክማንን ከሰሰ። ዳኛው ፖል ፍሪድማን ስምምነቱን በ 1999 ኤፕሪል 14 ቀን አጸደቁ፤ ከጥቁሩ እሑድ በኋላ ልክ በ 64ኛው ዓመት መሆኑ አጋጣሚ ነው። ከ 15 ሺህ በላይ ለሆኑ ሰዎች ከ 1 ቢሊዮን ዶላር የሚበልጥ ተከፈለ፤ በ 2010 ለሁለተኛ ጊዜ 1 ቢሊዮን 250 ሚሊዮን ዶላር የሚያህል ስምምነት ተደረገ። ለአብዛኛው ከሳሽ የደረሰው 50 ሺህ ዶላር ነበር። በዚህ ገንዘብ በሐራጅ የተሸጠ የአባት መሬት አይመለስም።

ይህ ሁሉ ከእኛ ምን አገናኘው የሚል አንባቢ ቢኖር፥ የሚያገናኝ ክር አለ። በአገራችን የመጀመሪያውን የእርሻ ኮሌጅ ያቋቋሙት ከዚያው ከኦክላሆማ የመጡ መምህራን ናቸው። የኦክላሆማው እርሻ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ሄንሪ ቤኔት (ከአፈሩ ቤኔት ጋር በስም ብቻ ነው የሚገናኙት) በ 1950 ኢትዮጵያን ጎብኝተው ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት ታኅሣሥ አካባቢ በኢራን በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ። ሥራው ግን በ 1952 በጅማ ተጀምሮ በ 1956 ወደ ዓለማያ ተዛወረ። የመጡት መምህራን አገራቸው አቧራ ሲሆን ያዩ ሰዎች ነበሩ። ከዚያ በኋላ በ 1970ዎቹና በ 80ዎቹ በወሎና በትግራይ ተራሮች ስንዴና ዘይት እየተከፈለ ብዙ እርከን ተሠራ። በ 1991 መንግሥት ሲለወጥ ግን በየቦታው ከፊሉን ራሱ ገበሬው አፈረሰው፤ ድንጋዩን የደረደረው እጁ ነበር፥ ውሳኔው ግን የእርሱ አልነበረምና። የኮንሶ ሰው በበኩሉ ያለ ማንም ኪራይ ለብዙ ትውልድ እርከኑን ሲጠግን ኖሯል። እዚያ መሬቱም ውሳኔውም በአንድ እጅ ናቸው።

ወደ ሲማሮን እንመለስ። መንግሥት በሠላሳዎቹ ዓመታት ከከሰሩ ገበሬዎች የገዛው መሬት ከፊሉ ዛሬም አለ፤ ሪታ ብላንካ ይባላል፤ ብሔራዊ የሣር ምድር ተብሎ ከ 1960 ጀምሮ ይጠበቃል፤ የአካባቢው ሰው ከብት በፈቃድ ይግጥበታል። ከአጥሩ ማዶ የግል እርሻ ነው፤ እዚያም ሣር አለ። ሁለቱን በዓይን መለየት ያስቸግራል። የወዲያኛው ሣር ባለቤት ግን በየዓመቱ በኦክቶበር ኪራዩን ሲቀበል፥ ከውሉ ስንት ዓመት እንደቀረው ይቈጥራል፤ የስንዴውንም ዋጋ በሬዲዮ ያዳምጣል።